አጭሩ ቧንቧ

እኅቴ ቶሚኤ ጥዷን አወረሰችኝ፤
ኑዛዜም አልነበር፣ «አጠጣው» አለችኝ፣
ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተወችኝ።

ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል፣ ቁመቱ ከክንዴ ያንሳል፤
ቦንሳይ እንዲህ ነው፤ ሸምግሎም እቅፍ ይገባል።
በየካቲት ውርጭ ገንዳው ተሰነጠቀ፣
ጥጉም እንደ ወተት ጥርስ እጄ ላይ ወለቀ።
«ግዛለት» አለኝ ልጄ ሾሄይ፣ «ሱቁ ሁሉ ሞልቷል፣
ሰማያዊው፣ ቡናማው በረድፍ ተደርድሯል።»

እኔ ግን የጭቃ ሰው ነኝ።
ሸክላ ሠሪ ስል ታዲያ ሲኒ እንዳይመስልህ፣
እንግዳ ሲመጣ ከቁምሳጥን የሚወጣልህ፤
አርባ አንድ ዓመት የሠራሁት የፍሳሽ ቧንቧ ነው፣ ከመንገድ ሥር የሚቀበር፤
ቶሚኤ «የአይጥ ጎዳና መሐንዲስ» ትለኝ ነበር።
ዛሬም ቶኮናሜ ዳገቱን ስትወጣ
ግንቡ የቧንቧ ነው፣ ከእቶን ጠሞ የወጣ፤
ለከተማ ያልበቃው ለአጥር ዋለ፣
ከመካከሉ የእኔም አለ።

ጭቃ ገዛሁ፣ ብረት የበዛበት ቀዩን፤
በክር ለካሁ የሥሩን ስፋት፣ የግንዱን ማዘንበሉን፤
ልክ በልኩ ሠራሁ፣
እሳት አሥራት እንደሚያስከፍል ረሳሁ!
ከየአሥሩ አንድ ወስዶ ዘጠኙን መለሰልኝ፣
ዛፉ ያምና ጫማው እንደጠበበው ልጅ ገንዳው አፍ ላይ ቆመብኝ።
ለልጅ ጫማ ሲገዛ ለማደጉ ይተረፋል፤
ለሸክላ ግን ለማነሱ። ይህ ለእኔ ይነገራል?

ሁለተኛው ሰፊ ነበር፤ ችኮላዬ ግን ባሰ፣
ከምድጃው ጎን አስጠጋሁት፣ ጸደይ ደረሰ ደረሰ፤
ጠርዙ ቀድሞ ደረቀ፣ ሆዱን ገና እያላበው፤
ጠዋት ጨርቁን ብገልጥ ከጥግ እስከ ጥግ ፈገግ ብሎ አየሁት፣
ያንን የማያስቅ ፈገግታ ዐውቀዋለሁ፤ ፈርጬ ወደ በርሜሉ መለስሁት።

ሦስተኛውን እርጥብ ጋዜጣ አልብሼ
እንደ ታማሚ አገላበጥሁት፣ ሌሊት ሌሊት ተነሥቼ።
አራት አጫጭር እግር አበጀሁለት፤
ከዚያ ቢላ አንሥቼ፣
መቀመጫውን ለመቅደድ... እጄ እምቢ አለ።
ኢናጋኪ የሚባል መርማሪ ነበረን፣ በፋብሪካው ዘመን፤
በእንጨት መዶሻ ቧንቧውን መታ አድርጎ፣ ጆሮውን አስጠግቶ፣
ድምፁ ከሻከረ ይሰብረው ነበር፣ ስማችንን ጠርቶ።
ያን ሁሉ ዘመን የሚያፈስ ስሸሽ ኖሬ
የሚያፈስ ነገር ሆን ብዬ ልሠራ? ዛሬ?

ቀደድሁት። ሁለት ቀዳዳ፣ እያንዳንዱ አውራ ጣት የሚያሳልፍ።
ከእሳቱ ሲወጣ በማሰሮ ውኃ ገለበጥሁበት፤
ከላይ ገባ፣ ከታች ወጣ፣
ሳቄ መጣ።
ለካ ይኸም ቧንቧ ነው! ስንዝር እንኳ አይሞላ፣
ከሠራኋቸው ሁሉ ያጠረ፣ ከመንገድ በላይ የዋለ፤
ብቻ አፉ ላይ ዛፍ አለ።

በመጋቢት ሾሄይ ግንዱን ያዘ፣ ሽቦውን በቀዳዳው አሾለክሁ፤
በእሷው መቀስ ከሥሩ ሲሶውን ቆረጥሁ።
መሐል አላቆምሁትም፤ ወደ ግራ ገፋ አደረግሁት፣
የቀረውን ባዶ ለቅርንጫፉ ጥላ ተውሁት፤
እሷ እንዲህ ነበር የምታደርገው፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።
«አባባ፣ በስተቀኝ ጠሟል» አለኝ።
«ዐውቃለሁ» አልሁት።

ፋብሪካው ሲዘጋ ከመሳቢያ ያነሣሁት የቧንቧ ማኅተም አለኝ፤
ጭቃው ሳይደርቅ ከታች፣ ከእግሮቹ መካከል መትቼዋለሁ፣
ማንም ሰው በማያይበት፤ ሥራዬ እዚያ ነው፣ ለምጃለሁ።

አጠጣሁት።
ውኃው ጠጠሩን አልፎ፣ ጥቂት ቆይቶ፣ ጫማዬን አራሰው፤
እስኪያባራ አልተንቀሳቀስሁም፤
ጎንበስ ብዬ፣ ጆሮዬን አስጠግቼ፣ እንደ ኢናጋኪ፣
ድምፁን አዳመጥሁት።